ከባዱ አውሮፕላን የሚነሳው ከመንደርደሩ በፊት ነው

በጦር ሠፈራችን ክበብ፣ ከቢሊያርዱ ጠረጴዛ ወዲያ ባለው ጥግ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ የአውሮፕላን መሪ የመሰለ እጀታና ሁለት የእግር መርገጫዎች ይገኛሉ። ከሥራ ሰዓት በኋላ በዚያ ጥግ ወረፋ የሚይዘው ወጣት ጥቂት አይደለም። አብዛኛው የሚመርጠው ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ ቀላልና ፈጣን ከመሆኑም በላይ በደቂቃ ውስጥ ከሰማይ ያደርሳል። ከትራንስፖርት ክፍል የሆነ አንድ ሃምሳ አለቃ ግን ከሁሉም ተለይቶ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እንጂ ሌላ አይነካም። ምክንያቱን ስንጠይቀው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁት የተጫነ መኪና ነው፤ ባዶ ነገር መንዳት አይሆንልኝም» ሲል ይመልሳል።

ይሁን እንጂ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሃምሳ አለቃው አውሮፕላን አንድ ቀን እንኳ ከመሬት ተላቅቆ አያውቅም ነበር። ሞተሮቹ ያጓራሉ፤ አውሮፕላኑ ይንደረደራል፤ አፍንጫው ወደ ግራ መዞር ይጀምራል፤ ሃምሳ አለቃው ደንግጦ የቀኙን መርገጫ እስከ መጨረሻው ይረግጣል፤ ክንፉ መሬት ይነካል፤ መስኮቱ በእሳት ይሞላል። የከበበው ሁሉ ይስቃል። እርሱም ላቡን ጠርጎ እንደገና ይጀምራል።

አንድ ምሽት ባለቤቱ ሕፃን ልጃቸውን አዝላ ከክበቡ በር ደረሰች። እራቱ ቀዝቅዞ ነበር። ባሏ ሲቃጠል ሁለት ጊዜ ቆማ ከተመለከተች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«መቶ አለቃ፣ እባክዎ ይፍረዱን» አለችኝ። «ጎረቤቶቼ ባላቸውን የሚፈልጉት ከመጠጥ ቤት ነው፤ እኔ ደግሞ ከእሳት ውስጥ እፈልገዋለሁ። አንድ ሰው በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ ይሞታል?»

ነገሩ ቀልድ የተቀላቀለበት ቢሆንም ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው። ይህም ጽሑፍ ለእርሷና ለእርሱ፣ እንዲሁም እነርሱን ለሚመስሉ የሠፈራችን ባልና ሚስቶች ሁሉ የቀረበ መልስ ነው።

መጫወቻ ወይስ ትምህርት ቤት?

የበረራ ማለማመጃ መሣሪያ ታሪክ ራሱ ከመጫወቻ ሠፈር የራቀ አይደለም። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው የቢንግሃምተን ከተማ፣ አባታቸው የኦርጋንና የፒያኖ ፋብሪካ የነበራቸው ኤድዊን ሊንክ የተባሉ ሰው በ1929 ከመሬት ሳትለቅ የምትዞር፣ የምታዘነብል፣ ቀናና ጎንበስ የምትል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንቅስቃሴ የሚሰጧት ከኦርጋን ሥራ የተወሰዱ ወናፎችና የአየር ቱቦዎች ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ከበረራ ትምህርት ቤቶች ይልቅ ፊት ያሳዩዋት የመዝናኛ ሥፍራዎች ሆኑ።

በ1934 ግን ሁኔታው ተለወጠ። የአሜሪካ ጦር የአየር ክፍል የፖስታ ማመላለስን ሥራ እንዲረከብ ታዘዘ። በጭጋግና በጨለማ ውስጥ በመሣሪያ እየተመሩ መብረርን በበቂ ያልተለማመዱ አብራሪዎች በሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ከዚህ መራራ ትምህርት በኋላ ጦሩ 6 የሊንክ ማለማመጃዎችን ገዛ። ያች የመዝናኛ ሥፍራ ዕቃ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ በራሪዎች የተማሩባት መሣሪያ ለመሆን በቃች።

እንግዲህ የማለማመጃ መሣሪያ ጥቅሙ፣ በእውነተኛው ዓለም በሕይወት የሚከፈልበትን ስህተት በእራት መዘግየት ብቻ ማስከፈሉ ነው። ነገር ግን አንድ ግዴታ አለው። የወደቀው ሰው ለምን እንደወደቀ ሳይመረምር እንደገና የሚጀምር ከሆነ፣ መሣሪያው ከመጫወቻነት አያልፍም። የሃምሳ አለቃውም ጉድለት ድፍረት ማጣት ወይም የእጅ ስንፍና ሳይሆን ይኸው ነበር።

ለምን ወደ ግራ?

ሃምሳ አለቃው የሚለማመድበት ፕሮግራም በ2001 በሩሲያ ተሠርቶ የወጣው «ኢል-2 ሽቱርሞቪክ» የተባለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ማስመሰያና ተከታዮቹ ናቸው። የመረጠውም ሄንክል 111 የተባለውን የጀርመን ባለ ሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ ነው። ይህን መሰሉን አውሮፕላን ከመሬት ማንሳት የሚያስቸግረው በሦስት ምክንያቶች ነው።

የመጀመሪያው ክብደት ነው። ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሳበት ኃይል ከፍጥነት ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የማንሳት ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ክብደቱ በ10 በመቶ ቢጨምር፣ ለመነሳት የሚያስፈልገው ፍጥነት የሚጨምረው በ5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የመንደርደሪያው ርቀት ግን በ20 በመቶ ያህል ይረዝማል። በጥቂት ኩንታል ትርፍ ጭነት የተነሳ የሜዳው ጫፍ ሳይታሰብ ከፊት ድቅን የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአየሩ መሳሳትም የክብደት ያህል ይከብዳል። ለዚህ ምሳሌ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የኢትዮጵያን አየር ኃይል በሚያደራጁበት ጊዜ፣ ከ1947 ጀምሮ ሳብ 17 የተባሉ ባለ አንድ ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከስዊድን መጥተው ቢሾፍቱ ገብተው ነበር። የቢሾፍቱ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በስድስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ክንፉም ሆነ ፕሮፔለሩ የሚይዙት ያንሳል። በቀትር ፀሐይ ደግሞ ይብሳል። ከደጋ ሜዳ የሚነሳ አብራሪ ከቆላው አቻው ይልቅ ረዘም ያለ መንደርደሪያና ረዘም ያለ ትዕግሥት ያሻዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የፕሮፔለሩ ዙረት ነው። ከአብራሪው ወንበር ሲታይ ወደ ቀኝ የሚዞር ፕሮፔለር ወደ ኋላ የሚገፋው አየር እንደ ገመድ እየተጠማዘዘ ሄዶ የጭራውን ቋሚ ክንፍ በጎኑ ይመታዋል። በዚህም የተነሳ አፍንጫው ወደ ግራ ይሳባል። ጭራው መሬት ላይ ሳለ ደግሞ ወደ ታች የሚወርደው የቀኝ በኩል ምላጭ ከግራው ይልቅ አየሩን አብዝቶ ስለሚቆርጥ ስበቱን ያባብሰዋል። ሁለቱም ሞተሮች ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞሩ ከሆነ ስበቱ ተደምሮ ይመጣል።

ሦስተኛው የጎማዎቹ አቀማመጥ ነው። ሄንክል 111 ሁለት ትላልቅ ጎማዎች ከፊት፣ አንድ ትንሽ ጎማ ከጭራው ሥር አለው። የክብደቱ ማዕከል የሚያርፈው ከትላልቆቹ ጎማዎች በስተኋላ ነው። ይህን ለሃምሳ አለቃው ያስረዳሁት በራሱ ሙያ ነበር። ተሳቢ ያለው መኪና ወደፊት ሲነዳ ተሳቢው ራሱን እያስተካከለ ይከተላል፤ ወደ ኋላ ሲነዳ ግን ትንሿ መጣመም በራሷ እያደገች ሄዳ ተሳቢውን ታጥፈዋለች። የጭራ ጎማ ያለው አውሮፕላንም ሲንደረደር ጠባዩ እንደዚያ ነው። መጣመሙ ገና በእንጭጩ ካልታረመ፣ ኋላ የሚሰጠው ከባድ እርማት ሌላ ጥፋት ይወልዳል።

ሁለት ሰዎችና አንድ መቆለፊያ

ከላይ የተዘረዘሩትን የሚያውቅ ሁሉ ይነሳል ማለት ግን አይደለም። በ1935 የአሜሪካ ጦር አዲስ ቦምብ ጣይ ለመምረጥ ባካሄደው ውድድር፣ የቦይንግ ኩባንያ አራት ሞተር ያለውን ሞዴል 299 አቀረበ። አውሮፕላኑ በኦገስት ወር ከሲያትል ተነስቶ በኦሃዮ ግዛት ዴይተን አጠገብ እስካለው የራይት ሜዳ ድረስ ያለማቋረጥ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ በመብረሩ፣ ውድድሩን ያሸነፈ ያህል ተቆጥሮ ነበር።

ኦክቶበር 30 ቀን 1935 ለሙከራ በረራ ተነሳ። መሪውን የያዙት ሻለቃ ፕሎየር ሂል ሲሆኑ፣ የቦይንግ ዋና የሙከራ አብራሪ የነበሩት ሌስሊ ታወርም አብረው ተሳፍረዋል። አውሮፕላኑ ከመሬት ለቀቀ፤ አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና አለ፤ ክንፎቹ አየሩን መያዝ ተሳናቸው፤ ወድቆም ተቃጠለ። ሻለቃ ሂል በዚያው ቀን፣ ታወር ደግሞ በደረሰባቸው ቃጠሎ ሳቢያ ዘግይተው ሞቱ።

ምርመራው ያገኘው የሞተር ብልሽት አልነበረም፤ የክንፍም ስብራት አልነበረም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ በሚቆምበት ጊዜ ነፋስ የጭራ መሪዎቹን እንዳያንገላታቸው የሚይዝ መቆለፊያ ተሠርቶለት ነበር። ከመነሳታቸው በፊት ያንን መቆለፊያ የፈታው ሰው አልነበረም።

በዚያ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት ጀማሪዎች አልነበሩም። የጎደለው እውቀትም አይደለም። አራት ሞተር፣ በርካታ እጀታዎችና ጠቋሚዎች ያሉት አውሮፕላን ከአንድ ሰው የማስታወስ ችሎታ በላይ መሆኑ ነበር የተገለጠው። ጦሩ ለጊዜው ሌላ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በብዛት ቢያዝም፣ የቦይንግን ሥራ ለሙከራ ያህል ጥቂት ገዛ። አብራሪዎቹም ተቀምጠው መፍትሔ ሲፈልጉ የደረሱበት ረዘም ያለ ሥልጠና ሳይሆን አጭር ወረቀት ነበር፤ ከመነሳት በፊት፣ በበረራ ጊዜ፣ ከማረፍ በፊትና ካረፉ በኋላ የሚነበብ የመፈተሻ ዝርዝር። አንዱ ያነባል፤ ሌላው እየነካና እያየ ይመልሳል። ያው አውሮፕላን ቢ-17 ተብሎ በጦርነቱ ዘመን 12,731 ያህል ተሠራ። በዩታ ግዛት የሚገኘው የሂል አየር ኃይል ጣቢያም የሻለቃውን ስም ይዞ ይኖራል።

142 ሜትር

ዝግጅት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ ኤፕሪል 18 ቀን 1942 ታየ። በዚያ ዕለት 16 ቢ-25 ቦምብ ጣዮች 80 ሰዎችን ይዘው ሆርኔት ከተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ ጃፓን ተነሱ። የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያበረሩት ሌተና ኮሎኔል ጄምስ ዱሊትል ከፊታቸው የነበራቸው 142 ሜትር ያህል ወለል ብቻ ነበር። ባሕሩ ይናወጥ ነበር፤ የቀኝ ክንፋቸው ጫፍ ከመርከቢቱ ግንብ የሚርቀው በሁለት ሜትር ገደማ ነው።

ይህ በድፍረት ብቻ የተገኘ አልነበረም። የባሕር ኃይሉ መኮንን ሄንሪ ሚለር በፍሎሪዳ ግዛት በኤግሊን ሜዳ አጭር መንደርደርን አስተምረዋቸዋል። አውሮፕላኖቹን ለማቅለል የታችኛው መትረየስ ማማ ወልቋል። በመርከቢቱ ወለል ላይ ለአፍንጫና ለግራ ጎማ የሚሆን ነጭ መስመር ተቀብቷል። መርከቢቱ ወደ ነፋሱ ዞራ በሙሉ ኃይሏ ስለምትገሰግስ አውሮፕላኑ ገና ሳይንቀሳቀስ ክንፉ ብዙ አየር አግኝቷል። ምልክት ሰጪው መኮንን ደግሞ ባንዲራውን የሚያወርደው፣ አውሮፕላኑ ጫፍ ሲደርስ የመርከቢቱ አፍንጫ ከማዕበሉ ላይ ቀና እንዲል አስልቶ ነበር። አሥራ ስድስቱም ተነሱ። ከሄዱት ሰዎች ሁሉም አልተመለሱም፤ በመንደርደሪያው ላይ የጠፋ አውሮፕላን ግን አልነበረም።

ለክበባችን የተዘጋጀው ዝርዝር

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ለባልና ሚስቱ ካወጋኋቸው በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ የሚከተለውን ጻፍን።

1ኛ፣ ጭነት። ዒላማው ቅርብ ከሆነ የነዳጅ ጋኑን መሙላት ለምን ያስፈልጋል? ለመሄጃ፣ ለመመለሻና ለመጠባበቂያ የሚበቃው ብቻ ይጫን።

2ኛ፣ አሰላለፍ። አውሮፕላኑን ከመስመሩ ጋር ካስተካከሉ በኋላ ጥቂት ሜትር ወደፊት ማስኬድ ያሻል፤ የጭራው ጎማ የሚቃናው ያኔ ነው።

3ኛ፣ የጭራ ጎማ። ከተቃና በኋላ ይቆለፍ።

4ኛ፣ መሪዎች። ሁሉም እስከ ጫፋቸው ይንቀሳቀሱ። የዴይተንን አንርሳ።

5ኛ፣ የክንፍ ፍላፕ። ለመነሻ በተወሰነው ልክ ይውረድ። ሙሉ በሙሉ ማውረድ ለማረፊያ ነው፤ የሆርኔት አብራሪዎች ያን ያደረጉት መንገድ ስላልነበራቸው ነው።

6ኛ፣ ሞተር። የፕሮፔለሩ ምላጭ ሙሉ ዙር በሚሰጠው ቦታ ላይ ይሁን፤ የማቀዝቀዣው መዝጊያ ይከፈት።

7ኛ፣ ጋዝ። ከአንድ እስከ አሥር እየቆጠሩ ቀስ በቀስ ይሰጥ። አፍንጫው ወደ ግራ ካደላ የግራውን ሞተር ጋዝ በጥቂቱ ማስቀደም ይረዳል።

8ኛ፣ እግር። እርማቱ ትንሽና ፈጣን ይሁን፤ አፍንጫው መመለስ ሲጀምር ወዲያው ይለቀቅ። ፍሬን አይነካ።

9ኛ፣ ጭራ። ፍጥነት ሲገኝ እጀታውን ጥቂት ወደፊት በመግፋት ጭራው ይነሳ። በዚያች ቅጽበት አንድ ተጨማሪ የግራ ስበት ስለሚመጣ እግር ዝግጁ ይሁን።

10ኛ፣ መነሳት። እጀታውን መንጠቅ ክልክል ነው። አውሮፕላኑ ሲበቃው ራሱ ይቀላል፤ የአብራሪው ድርሻ መፍቀድ ብቻ ነው። ከዚያ ጎማ ይሰብሰብ፤ ፍጥነት እስኪጠራቀም ዝቅ ብሎ ይበረር፤ ፍላፑም በጥቂት በጥቂቱ ይመለስ።

11ኛ፣ ማቋረጥ። ከመነሳት በፊት በሜዳው ጠርዝ አንድ ምልክት ይመረጥ። እዚያ ሲደረስ ፍጥነቱ ካልበቃ ወይም አፍንጫው ከመስመሩ ከወጣ ጋዙ ይዘጋ። ከመሬት እንደተለቀቀ በዝቅተኛ ፍጥነት አንዱ ሞተር ቢጠፋም የደህናውን ጋዝ ቀንሶ ወደፊት ማረፍ ይሻላል፤ አለዚያ ደህናው ሞተር ራሱ አውሮፕላኑን ይገለብጠዋል።

ሁለተኛው ወንበር

ወረቀቱን ለሃምሳ አለቃው ልሰጠው ስል ባለቤቱ እጇን ዘረጋች። «እኔ ላንብበው» አለች። ሕፃኑን ለአንዲት ጎረቤቷ አቀብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጭነት?»

«ግማሽ ነዳጅ።»

«አሰላለፍ?»

«በመስመሩ ላይ ነኝ።»

«የጭራ ጎማ?»

ሃምሳ አለቃው ዝም አለ። እጁ ከጋዙ ላይ ደርሷል።

«አልመለስክልኝም» አለችው።

ጠቋሚውን ፈለገና ተመለከተ። ጎማው አልተቆለፈም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቆልፎ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ተገለጠለት። በክበቡ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያው ሙከራ አፍንጫው ከመስመሩ ስለወጣ ራሱ ጋዙን ዘግቶ ቆመ። ሳይቃጠል ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ለእኔም ከዚያ ምሽት ሁሉ የበለጠው ነገር ይኸው ነው። ማቋረጥን ያላወቀ አብራሪ መነሳትን አያውቅምና። በሁለተኛው ሙከራ እርሷ እስከ አሥር ቆጠረችለት፤ ጭራው ተነሳ፤ አውሮፕላኑም እንደ ከባድ ወፍ ቀስ ብሎ ከሜዳው ተላቀቀ። ሃምሳ አለቃው ሰማዩን አይቶ ምንም አልተናገረም። «በል አሁን እራት» አለችው።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሃምሳ አለቃው ክፍል ለረጅም ግዳጅ ከሠፈሩ ወጣ። በተነሱበት ማለዳ ልሰናበተው ከቤታቸው ስደርስ፣ ከበሩ ጀርባ በሁለት እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የደመወዝ መቀበያ ውክልና፣ የልጁ የክትባት ካርድ፣ የቤቱ ትርፍ ቁልፍ፣ የዕቁቡ ተራ፣ በችግር ጊዜ የሚጠራው ጎረቤት ስልክ በተራ ሰፍረዋል። እርሷ ታነባለች፤ እርሱ ሻንጣውን በትከሻው አንጠልጥሎ እየመለሰ ነው። መኪናው ከውጭ ጥሩምባ ቢነፋም ዝርዝሩን ሳይጨርሱ አልተንቀሳቀሱም።

ሠራዊት ከቤቱ ሲወጣ የሚሸከመው ጭነት በትጥቁ ብቻ አይለካም። ልቡ ከኋላው የቀረ ወታደር ከመስመሩ ይወጣል፤ ምን እንደተወላት ሳታውቅ የቀረች ሚስትም ብቻዋን ከማታውቀው ሸክም ጋር ትታገላለች። ሁለቱንም የሚያቃልለው ከመንደርደሩ በፊት አብሮ መቀመጥ ነው።

ኮምፒዩተሩ ዛሬም በክበቡ ጥግ አለ፤ ዝርዝሩም ከጎኑ ተለጥፏል። የክበቡ ኃላፊዎች ከአብራሪው ወንበር አጠገብ ሌላ ወንበር ጨምረዋል። ቦምብ ጣይ ለማንሳት የምትመጡ ሁሉ የሚያነብላችሁን ሰው ይዛችሁ ኑ።